መሃል ያለው ልጅ አይቆረጥም

ኦክላንድ፣ ኒው ዚላንድ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች ልጆች አሉ፣ የሳሞአና የቶንጋ አሉ፣ እንደኔ ከሩቅ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። የማኦሪን ባህል ማስተማር ስጀምር ሸክሙ ሁሉ የኔ መስሎኝ ነበር። አነበብኩ፣ ቪዲዮ አየሁ፣ የክፍሉን ግድግዳ በሥዕል ሞላሁት።

ማኦሪዎች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ተራራቸውን፣ ወንዛቸውን፣ አያቶቻቸው ባሕር ያቋረጡበትን ታንኳና ጎሳቸውን ይጠራሉ። ፔፔሃ ይሉታል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን የማኦሪ ልጅ «እስቲ አንተ አሳየን» አልኩት። ማክበሬ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። አያውቀውም።

ማታ እናቱ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሷም አታውቀውም። አያቷ ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ማኦሪኛ በመናገራቸው ይገረፉ ነበር። ልጆቼ እንዲህ አይሆኑም ብለው ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አስለመዱ። የብዙ ቤት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣ ሕግ ለማኦሪ ልጆች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ አዘዘ። ቋንቋው እየሳሳ ሄደ። በ1972 ማኦሪኛ ትምህርት ቤት ይግባልን የሚል፣ ከ30,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ፓርላማ ደረሰ። በ1982 አያቶች ሕፃናትን በማኦሪኛ የሚያሳድጉበት «የቋንቋ ጎጆ» ተከፈተ። በ1987 ቋንቋው በሕግ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ ከሳሎን ጠራችኝ። በአማርኛ ነው የማናግራት። ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ማንም ሳይገርፋት።

ያቀድኩትን ሁሉ ተውኩት። ለወላጆች «ልጆቻችሁ ምን እንዲያውቁ ትፈልጋላችሁ? ማንስ ያውቃል?» ብዬ ጻፍኩ። በወረቀት የመለሱልኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጆች በሚወጡበት ሰዓት በር ላይ ሻይና ብስኩት ይዤ ስቆም ግን ወሬው መጣ። የዚያ ልጅ እናት አክስቷን ይዛልኝ መጣች። ልጆቹ ሁሉ ናን ይሏቸዋል።

በአጥራችን ጥግ ሃራኬኬ በቅሏል። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ረጅም ነው፤ ማኦሪዎች ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠሩበታል። መቀሴን ይዤ እጄን ወደ መሃሉ ስሰድ ናን አንጓዬን ያዙኝ። «ቆዪ ልጄ።» ልጆቹን ጠርተው አስጠጓቸው። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የወጣው ለጋ ቅጠል ሪቶ ነው፤ ልጁ እሱ ነው። ግራና ቀኝ ያቀፉት ወላጆቹ ናቸው። ሦስቱ አይነኩም። የሚቆረጡት ዳር ያሉት፣ አያቶቹ ናቸው። ሲቆረጥም ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ታች ሰያፍ ተደርጎ ነው። በዝናብ አይቆረጥም፣ በማታም። የሚሠራውን ነገር ማንም አይራመደውም። ትራፊው ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ እዚያው ተክሉ ሥር ይመለሳል። መጀመሪያ የሠሩት ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ከዚያ ናን ቅጠሉን በዛጎል ጠርዝ ፋቁት። ነጭ ጭረት ወጣ። ቃጫ! አያቴ አለላ ሲነክሩ፣ በወስፌ ሲወጉ ታየኝ። ስነግራቸው ወስፌን እንድስልላቸው ጠየቁኝ፤ ሣልኩላቸው።

ያ አንገቱን የደፋው ልጅ ለመቁረጥ ቶሎ እጁ ተፈታ። በወሩ መጨረሻ ትንንሾቹን የሚያሳየው እሱ ነበር። ታላቅ ለታናሽ ማስተማሩ የማኦሪዎች የቆየ መንገድ ነው፤ እኔ ያደረግሁት ጊዜውን መስጠት ብቻ ነው። ጊዜ ደግሞ ትልቁ ነገር ነው። አያት ጠርቶ በአርባ ደቂቃ ደወል ማሰናበት ነውር ስለሆነ ግማሽ ቀን አስፈቀድኩ። የቤንዚናቸውን ማሰብም ግድ ነው፤ እውቀት ነፃ ነው ብሎ መውሰድ የለም። አንዱ ቤተሰብ የማታሪኪ ኮከቦች ሰባት ናቸው ሲል ሌላው ዘጠኝ ሲል፣ ማን ትክክል እንደሆነ አልፈረድኩም። ለልጆቹ ሁለቱንም ነገርኳቸው።

ማታሪኪ በክረምቱ እኩሌታ ሊነጋ ሲል የሚወጡ ኮከቦች ናቸው፤ ለማኦሪዎች አዲስ ዓመት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆኗል። ገና ሳይነጋ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን፤ ብርድ ልብስ፣ ሾርባ፣ እንቅልፍ ያልጨረሱ ልጆች። ከኮከቦቹ አንዷ ፖሁቱካዋ በዓመቱ ያረፉትን ሰዎች ትይዛለች ይባላል። ያ ልጅ ማንም ሳያዘው ተነስቶ ፔፔሃውን ከተራራው ጀምሮ እስከ ጎሳው አለው። እናቱ አለቀሰች።

ቤተሰቦች የሟቾቻቸውን ስም እየጠሩ ናን ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

አያቴ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ልጆቹ ተቀበሉኝ፤ «ጠ» ግን አስቸገረቻቸው። ናን «ስም በትክክል ነው የሚጠራው፤ እንደገና» አሏቸው። ልጄ ከብርድ ልብሷ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። «ጠ» እያለች ታሳያቸው ጀመር።