«ማንም ምንም አላለም»

ደንበኛዋ ትንሿን ማኪያቶ ይዘው ወደ ባንኮኒው ሲመለሱ የጠዋቱ ሰልፍ ገና አልቀለለም ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ይሄ ቡና ይኮመጥጣል፤ ወተቱም ለብ ያለ ነው» አሉ። ባሪስታው በአንድ እጁ የወተት ጆግ፣ በሌላው የተፈጨ ቡና የሚጫንበትን የማሽኑን እጀታ ይዞ ነበርና ቀና ሳይል መለሰላቸው፦ «እናቴ፣ የቡናው ጣዕም እንደዚህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ጠጣው፤ ማንም ምንም አላለም።» ከዚያ ሲኒውን ተቀበለና የስቲም (የእንፋሎት) ቱቦውን እዚያው ሲኒ ውስጥ ነክሮ አሞቀላቸው። አንዴ ፉት አሉት፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውት ወጡ።

ዳር ቆሞ ላየው ጉዳዩ የአነጋገር ይመስላል። ባለቤቱም እንደዚያ ነው የተረዳው፤ በማግስቱ «ደንበኛን በፈገግታ ተቀበሉ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ማሽን ላይ የሠራ ሰው ግን አነጋገሩን ከጥፋቶቹ ሁሉ ትንሹ አድርጎ ነው የሚያየው።

ሰልፉ በጀመረ ጊዜ መፍጫው ላይ ያለው የቡና ፍሬ አልቆ አዲስ ከረጢት ተከፍቶ ነበር። አዲሱ ፍሬ የተቆላበት ቀን ከፊተኛው የተለየ ነው፤ ዱቄቱን ልም ወይም ሻካራ የሚያደርገው የመፍጫው ማስተካከያ ግን ለፊተኛው እንደተዘጋጀ ቀርቷል። ደንበኛዋ ከወጡ በኋላ የፈረቃ ኃላፊዋ ሚዛኑን አወጣችና አንድ ሾት (ማሽኑ በአንዴ የሚያወርደውን ወፍራም ቡና) መዝና አወረደች። 18 ግራም ቡና ገብቶ 36 ግራም በ17 ሰከንድ ወረደ። ለዚያ ቡና የተያዘው ልክ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ውሃ በ9 ባር ግፊት ቡናው ውስጥ ሲያልፍ ኮምጣጣው ቶሎ ይሟሟል፤ ጣፋጩ ይከተላል፤ መራራው ወደ መጨረሻው ይመጣል። አፈጫጨቱ ሻካራ ሆኖ ውሃው ከሮጠ ጣፋጩ ሳይወጣ ሾቱ ያልቃል፤ ሲኒው ላይ ገኖ የሚቀረው ኮምጣጣው ነው። ሴትየዋ ያለ ሚዛንና ያለ ሰዓት በትክክል የተናገሩት ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ? ጠዋት በብዛት የሚወጣው ትልቁ ኩባያ ነው። አንድ ሾት 200 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ገብቶ ስኳር ከተጨመረበት የ10 ሰከንድ ጉድለት በቀላሉ አይታወቅም። ክዳን ተገጥሞለት የሚሄደውን ደግሞ ደንበኛው የሚቀምሰው መንገድ ላይ ነው፤ ቢጎመዝዘውም አይመለስም። ትንሽ ማኪያቶ ላይ ግን ወተቱ ጥቂት ስለሆነ ቡናው የሚደበቅበት የለውም። ስለዚህ ከባንኮኒው ማዶ የሚታየው ዝምታ ስለ ቡናው ጥራት ምንም አያስረዳም። ለእኔ በጣም ከባዱ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፦ ባሪስታው የማይለካውን ነገር እንደ ልኬት ጠቀሰና የተለካውን ጣለ።

ሾት ሲፈጥን ብዙዎች የሚሞክሩት መፍትሔ ቡናውን እጀታው ውስጥ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው። ይህ አያድንም። ቡናው እኩል ከተጫነና ከተረጋጋ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት ፍሰቱን የሚለውጠው እምብዛም ነው፤ ይልቁንም እጅ ያዘንብልና ውሃው ቀላሉን ጎን መርጦ ቦይ ያበጃል። ያኔ የሾቱ አንዱ ክፍል ኮምጣጣ፣ ሌላው መራራ ሆኖ ይወጣል፤ ምክንያቱን መፈለግም የባሰ ይከብዳል። መነካት ያለበት የመፍጫው ማስተካከያ ነው። ትንሽ ወደ ልም ይዞራል፤ ሞተሩ እየሠራ ቢዞር ይመረጣል፣ ጥርሶቹ መካከል የተያዘ ፍሬ እንዳያጣብቀው። ከዚያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሾት የሚበቃ ቡና ተፈጭቶ ይጣላል፤ መውጫው ላይ የቀረው አሮጌው ሻካራ ዱቄት ስለሆነ እሱን መዝኖ መፍረድ ያሳስታል። ቀጥሎ የሚወርደው ሾት ነው እውነቱን የሚናገረው። ይህ ሁሉ በሠለጠነ እጅ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀጣዮቹን ትኬቶች (የደንበኛ ትእዛዞች) ሁሉ ከተመሳሳይ ጉድለት ያድናል።

አሁን ወደ ስቲም ቱቦው። ሰው ከንፈሩን ያሳረፈበት ሲኒ ውስጥ የገባ ቱቦ በቀጥታ ወደ ሌላ ሰው የወተት ጆግ ይገባል፤ ይህ ብቻውን ነገሩን ክልክል ለማድረግ ይበቃል። በጣዕምም ቢሆን ትርፍ የለውም። ስቲም የሚያሞቀው ወደ ውሃ እየተለወጠ ስለሆነ መጠጡ ይቀጥናል። ወተት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ጣፋጭነቱ ይሰማል፣ አረፋውም ልስልስ ሆኖ ይቆያል። 70 ሲያልፍ የተቀቀለ ወተት ሽታ ይመጣል፤ አንዴ ተሞቆ የቀዘቀዘ አረፋም እንደገና ሲሞቅ ፊኛ ፊኛ ይሆናል እንጂ አይመለስም። ኮምጣጣነቱ ደግሞ እንዳለ ነው፤ ሙቀት አያጠፋውም። ሴትየዋ ሁለት ነገር ነገሩት፤ እሱ አንዱን ብቻ ሰማ፤ እሱንም ያረመው ሦስተኛ ጥፋት ጨምሮበት ነው።

ባሪስታው ሥራውን የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ፍትሕ ነው። ሌላ ሾት ማውረድ 30 ሰከንድ፣ ትንሽ ወተት ማሞቅም ከዚያ ብዙ የማይበልጥ መሆኑን ያውቃል። ያልሠራበትን ምክንያት ለማግኘት ባንኮኒው ሥር የተቀመጠውን የብክነት መዝገብ መግለጥ ይበቃል። እያንዳንዱ የተደፋ መጠጥ በባሪስታው ስም ይጻፋል፣ ኃላፊ ይፈርምበታል፣ በወሩ መጨረሻ ከደመወዙ ይታሰባል። ሰልፍ እየጠበቀው ፊርማ ፍለጋ የሚሄድ የለም። በእንዲህ ዓይነት ቤት «ይኮመጥጣል» የሚለው ቃል ለባሪስታው የቅጣት ማስታወቂያ ነው፤ የሚከላከለው ኪሱን ነው። 18 ግራም ቡናና ጥቂት ወተት ለማዳን ሲባል አንድ የዘወትር ደንበኛ ወጣች፤ የእሷ መውጣት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለዚህ መዝገብ ምንም አይልም። ፈገግታ ማስተካከያውን አያዞርም።

የፈረቃ ኃላፊዋ ባለቤቱን ተከራክራ ያስለወጠችው መዝገቡን ነው፤ ወረቀቱማ እስካሁን አለ። የባሪስታው ስም ከመዝገቡ ወጣ፤ በምትኩ የመለሰው ደንበኛ የተናገረው ቃል፣ ሰዓቱና ከረጢቱ የተከፈተበት ጊዜ ይጻፋል። ቃሉ እንዳለ መጻፉ ዋጋ አለው፤ «ኮመጠጠ» ከሆነ ወደ ልም፣ «መረረ፣ አረረ» ከሆነ ወደ ሻካራ የሚያስኬድ ፍንጭ ነውና። «ቀዘቀዘ» ሲደጋገም ደግሞ ወተቱ ሳይሆን ሲኒዎቹ ይፈተሻሉ፤ ከማሽኑ አናት ላይ ወርደው ቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ እንደሆነ ትንሽ መጠጥ ወዲያው ሙቀቱን ይሰጣቸዋል። የሚመለስ መጠጥም ከሰልፉ ሁሉ ይቀድማል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ «አንድ ድጋሚ» ብላ ትጠራለች፣ ባሪስታው በእጁ ያለውን እንደጨረሰ እሱን ይሠራል። ለደንበኛው የሚባለው አጭር ነው፦ «ይቅርታ፣ አሁን ሌላ እሠራለሁ።» ማብራሪያ የሚጠይቅ ከመጣ ይብራራለታል፤ የማይጠይቀውን ስለ መፍጫ ማስተማር አያስፈልግም።

መዝገቡ የማይደርስበት ክዳን ገጥሞ የሚሄደው ደንበኛ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። እሱ ተመልሶ አይናገርም፤ ስለዚህ ከረጢት በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ሾት ተመዝኖ፣ ሰከንዱ ታይቶና ተቀምሶ ነው ትኬት የሚነሳው። ሰልፉ በር ላይ ቢደርስም።