ሁልጊዜ አራተኛው ሲሊንደር

በዋሽንግተንና በአካባቢው በአሮጌ ቫን እንጀራ እያከፋፈሉ፣ የቤት ዕቃ እያጓጓዙ ወይም ጽዳት እየሠሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። አዲስ ቫን የባንክ ብድር ይጠይቃል፤ ብድሩ ደግሞ ሁሉም የሌለውን የብድር ታሪክ ይጠይቃል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ያለፈውን ቫን እያስጠገኑ መሥራት ግድ ይሆናል። ቫኑ የቆመ ዕለት እንጀራው ያድራል፣ ባለሱቁም ከሌላ ይረከባል። ይህን የምጽፈው አንድ ብልሽት እየተመለሰ ገንዘባቸውንና እንቅልፋቸውን ለነሳቸው ሰዎች ነው።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ መካኒክ ነኝ። ቨርጂኒያ ከመጣሁ ወዲህ የምተዳደረው በሌላ ሥራ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ግን የሚያውቁኝ ሰዎች መኪናቸውን ያሳዩኛል። ከእነርሱ አንዷ እትዬ ብዬ የምጠራቸው፣ አሌክሳንድሪያ ጋግረው እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያደርሱ እናት ናቸው። ቫናቸው የ2003 ሞዴል ፎርድ ኢ-250 ነው፤ ሞተሩ 5.4 ሊትር፣ ነዳጅ የሚቃጠልባቸው ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት። ዕድሜውን ያገለገለ ጠንካራ መኪና ነው።

ሕመሙ ይህ ነበር፦ ሞተሩ ድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጉልበት ያጣል፣ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር አለ። መብራቱ በርቶ ከቀረ ጊዜ ሲገኝ ይታያል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ነው ማለት ነው። ያ ነዳጅ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ ይነድና ውድ የሆነውን ዕቃ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ነዳጅ መርገጡን ቀንሶ፣ ዳር ይዞ መቆም ያስፈልጋል። «ትንሽ ይቀረኛል» እያሉ መንዳት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

እትዬ ቫኑን አንድ ጋራዥ ይወስዱታል። ኮምፒውተር ይሰካል፤ ፒ0304 የሚል ኮድ ይወጣል፤ አራተኛው ሲሊንደር እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር ነዳጁን ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት የሚሰጥ የራሱ ኮይል አለው። ጋራዡ የአራተኛውን ኮይል ይቀይራል፣ ቫኑ ይድናል፣ እትዬ ይከፍላሉ። ከሳምንታት በኋላ ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ኮድ፣ ሌላ ኮይል። በመጨረሻ የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ መሆኑን ያየ ሰው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ስለተበላ ሞተሩ መለወጥ እንዳለበት ነገራቸው። የተጠየቁት ገንዘብ ከቫኑ ዋጋ ይበልጣል።

«ልጄ፣ ልጣለው ወይስ ላስጠግነው? ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ በስልክ።

«እትዬ፣ ቁርጡን አሁን አላውቀውም። መጀመሪያ መቼ መቼ እንደሚያደርገው ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

ለሱቆቹ ያደረሱትን የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው። በየገጹ ጥግ ላይ ስለ ሞተሩ ይጽፉ ጀመር። ሳነበው በጣም ደስ አለኝ፤ ብዙ መካኒክ እንዲህ ያለ ማስታወሻ አይጽፍም። «ንጋት ላይ ሰላም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ አጥፍቼ እንጀራ አወረድኩ፤ ሳስነሣው ተንቀጠቀጠ።» በሌላ ቀን፦ «ዝናብ ነበር፣ ምንም አልሆነም።» እንደገና፦ «አርሊንግተን ብዙ ቆሜ ሳስነሣ ጀመረው። የሚጣፍጥ ነገር ይሸታል።»

ይህ ደብተር ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ደኅና ነው። ዝናብ አይደለም። የሚመጣው ቫኑ የቀለበት መንገዱን ሮጦ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ጠፍቶ ቆይቶ ሲነሣ ነው። ትኩስ ሞተር እንደጠፋ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ስለሚቆም የብረቱ ሙቀት ውሃው ላይ ይከማቻል፤ ሙቀቱም ግፊቱም ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል። የላላ ቦታ ካለ የሚያንጠባጥበው ያኔ ነው። የሚጣፍጠው ሽታ ደግሞ የራዲያተር ፈሳሽ ነው።

ግምት ግን ማስረጃ አይሆንም። የአራተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያየርኩትና ቫኑን ለሥራ ይዘውት ሄዱ። ኮዱ ፒ0302 ሆኖ ቢመለስ ኮይሉ በሽተኛ ነው፤ ሕመሙ አብሮት ተዛውሯል ማለት ነው። ፒ0304 ሆኖ ከተመለሰ ግን ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። መብራቱ ተመለሰ፤ ኮዱ ፒ0304። ይህ ፈተና አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ኮዱን ራሱን ለማንበብም ቢሆን ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ገንዘብ አይጠይቁም። ለእትዬ ይህን ሳይሠሩ ኮይል ሲሸጡላቸው መኖራቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የጋራዦቹን ሁኔታ ግን እረዳለሁ። አዲስ አበባ ዕቃው ውድ፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። ባለመኪናው ከሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ ለምኖ አስቀንሶ የሚገዛ ስለሆነ መካኒኩ ሳያረጋግጥ ግዛ አይለውም፤ ያዳምጣል፣ ይነካካል፣ ይሞክራል። እዚህ የአንድ ሰዓት ሥራ ብዙ ቦታ ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሲፈልጉ ከመዋል ዕቃ ቀይሮ መሸኘት ይቀላል። ባለመኪናውም መቀበያ ክፍል ተቀምጦ ስለሚጠብቅ መካኒኩን አያገኘውም፤ ምልክቱን የሚነግረው ለፀሐፊዋ ነው፣ እርሷም በአንድ መስመር አሳጥራ ትጽፈዋለች።

በእነዚህ ቫኖች ላይ የሞተሩ ግማሽ የሚገኘው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል፣ ከትልቅ ክዳን ሥር ነው። በፎርድ አቆጣጠር ከአንድ እስከ አራት ያሉት ሲሊንደሮች በተሳፋሪው በኩል ከፊት ወደ ኋላ ይደረደራሉ፤ ስለዚህ አራተኛው በዚያ በኩል የመጨረሻው ነው። የሚደረስበት ክዳኑን ከውስጥ በማንሣት ነው። ሞተሩ አድሮ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ትኩስ ሳለ ካንዴላ ከተፈታ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከመፍታቴ በፊት ካንዴላው የተቀመጠበትን ጉድጓድ በአየር አጠራሁት፤ አቧራና አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ።

ኮይሉን ስስበው የጎማው ሽፋን ጫፉ እርጥብ ነበር። ጉድጓዱ ዙሪያ የደረቀ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ካንዴላውን አውጥቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። በነጩ ሸክላ ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ያ መስመር ኤሌክትሪኩ ያበጀው አቋራጭ ነው። እርጥበት ሲያገኝ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ላይ በመዝለል ፋንታ በሸክላው ላይ ሾልኮ ወደ ሞተሩ አካል ይሄዳል፤ የሄደበትም ቦታ ከስሎ ይቀራል። አንዴ ከከሰለ እርጥበቱ ቢደርቅም መንገዱ አይዘጋም። አዲስ ኮይል ለጊዜው የሚያሽለው፣ ጎማው ገና ስላልተቃጠለ ነው። የከሰለው ካንዴላና ፍሳሹ ግን እዚያው ስለነበሩ ሳይቆዩ እርሱንም ያበላሹታል።

የካንዴላው ጫፍ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ቡናማ ነበር። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ቢሆን ጫፉ ታጥቦ ይነጣ ነበር። በዚህ ብቻ ግን አልረካሁም። ከራዲያተሩ ማጠራቀሚያ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ መመርመሪያ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጤነኛ ነው። እትዬ ይህን ስነግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው «ተመስገን» አሉ። ሞተሩን ለማስለወጥ ከእኅታቸው ሊበደሩ ነበር።

ፍሳሹን ለማግኘት ከመለዋወጫ መደብር መያዣ ተሰጥቶ በውሰት የሚወሰደውን የግፊት ፓምፕ ተጠቀምኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ግፊት እስከ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሞላሁት። የፓምፑ መርፌ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት ከሞተሩ ኋላ ስፈልግ፣ ወደ መኪናው ማሞቂያ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አገኘሁ። ትሞላለች፣ ትወድቃለች፣ ብረቱን ይዛ ትሄድና በቀጥታ አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ቱቦውን፣ ማሰሪያውን፣ ካንዴላውንና የኮይሉን ጎማ ቀየርኩ፤ ጎማው ውስጥ እርጥበት የሚከላከለውን ቅባት ቀባሁ። ወጪው ከአንዱ ኮይል ማስቀየሪያ ያንስ ነበር።

መንቀጥቀጡ ጠፋ። የሞተሩ መብራት ግን ቆይቶ እንደገና በራ፤ በዚህ ጊዜ ኮዶቹ ፒ0171 እና ፒ0174 ናቸው። የሞተሩ ሁለቱም ጎኖች ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ከታመመ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ ወይ የሆነ ቦታ ያልተለካ አየር ይገባል፣ ወይ ነዳጁ አንሷል፣ ወይ የአየር መለኪያው ቆሽሿል። የሚለያቸው ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጭማሪው ከ20 በመቶ በላይ ነበር፤ በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ሳደርሰው ወደ ጤናማው ቀረበ። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ሞተሩ በተጫነ ቁጥር ይብስበት ነበር። ቆሞ ሲሠራ የሚብሰው የአየር ቀዳዳ ነው፤ የሚገባው አየር ጥቂት ሲሆን በቀዳዳው የሚሾልከው ድርሻው ይበዛልና።

ከሞተሩ ውስጥ የዘይት ትነት የሚስበውን ቱቦ ተከትዬ ወደ ኋላ እጄን ሰደድኩ። ክርን መሳይ የጎማ መታጠፊያ አለው። ከላይ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ከሥሩ ስነካው ግን የዘይቱ ትነት አልስልሶት ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው የጭስ ምርመራው ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ግዴታ ነው፤ የሞተር መብራት የበራበት መኪና አያልፍም። ኮዱን ደምስሶ በዚያው ቀን ወደ ምርመራ መሄድም አይሠራም። ኮዱ ሲደመሰስ ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተሸበት መዝገብ አብሮ ስለሚጠፋ መርማሪው «ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ለጥቂት ቀናት በከተማም በአውራ ጎዳናም ተነድቶ፣ አድሮም ቀዝቅዞ መነሣት አለበት። የእትዬ ቫን እንደተለመደው ሥራውን ሲሠራ ሰነበተና አለፈ።

የቀሩት የውሃ ቱቦዎች የተቀየረው ቱቦ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱን ስጨምቃቸው ተሰነጣጥቀዋል። ብርዱ ሳይጀምር እነርሱንና የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት በአንድ ቀን ልንቀይር ተስማምተናል። እትዬ ዕቃውን ገዝተዋል፤ የምንጠብቀው ሱቆቹ እንጀራ የማይረከቡበትን አንድ ቀን ነው።