ሳይጣሉም አይስማሙም፦ ለቤታ ዓሣ ጓደኛ የመረጥኩበት መንገድ

በጠበኝነቱ የሚታወቀው ቤታ ዓሣ ቤቴ መኖሩን ያወቀ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከሌላ ዓሣ ጋር ቢገባ አይጣላም ወይ?» እኔም የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነበር። መጣላትና አለመጣላታቸውን ብቻ ስመለከት ከርሜ የመጀመሪያውን ዓሣዬን በገዛ እጄ ለሞት አበቃሁት። ጎንደርን በመሰለ ሌሊቱ በሚበርድና መብራት በሚጠፋበት ከተማ ቤታ ለማኖር ያሰበ ሰው፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን አስቀድሞ ይወቅ ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

ገንዳውን ፒያሳ አካባቢ ባለ መስታወት ቤት በ60፣ በ30 እና በ35 ሴንቲ ሜትር ልክ አሠራሁት፤ 60 ሊትር ያህል ይይዛል። መስታወቱ የሚጣበቅበት ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ይሁን፣ አንድ ሳምንትም ይድረቅ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆይ። ክዳን አይቅር፤ ቤታ ይዘላል።

ዓሣውን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጅራቱ ሲዘረጋ ከገላው የሚበልጥ ወንድ ነበር። ብቻውን እንዳይሆን ጓደኛ ፈልጌለት ሻጩን ሳማክረው፣ «ወንድሜ፣ ጎንደር ይበርዳል፤ ጎልድፊሽ ደግሞ ብርድ ይችላል፣ ሰላማዊም ነው፤ ሁለት ጨምርበት» አለኝ። ውሃው ሦስት ቀን ከተቀመጠ በቂ እንደሆነና ማሞቂያውን ለሁለቱም እንዲስማማ 22 ዲግሪ ላይ ማድረግ እንዳለብኝም ነገረኝ። ሲናገር ጥርጣሬ አልነበረበትምና ያለኝን ሁሉ እንዳለ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የእርሱ ምክር ብቻ አይደለም። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ አገሮች ሞቃትና የረጋ ውሃ፣ የሩዝ ማሳና የረግረግ ዓሣ መሆኑን አንብቤ አውቅ ነበር፤ ያንን እያወቅሁ አንድም ጥያቄ ሳላነሣ መቅረቴ የበለጠ ያንገበግበኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያማረ መሰለኝ። ጎልድፊሾቹ ጠጠሩን ሲቆፍሩ ይውላሉ፣ ቤታው ከላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ሥር ይቆያል፣ አንዱ ሌላውን አይነካም። ሊጠይቀኝ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አየህ፣ ተስማምተዋል» እል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቤታው ምግብ ስይዝ ወደ መስታወቱ መምጣቱን ተወ። ቀለሙ ደበዘዘ፤ ክንፎቹን እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ሰብስቦ መሬት ላይ መቀመጥ ጀመረ፤ የጅራቱም ጫፍ እየነጣ መበጣጠስ ያዘ።

ለሻጩ ደወልኩ። «ነክሰውት ይሆናል፤ ጨው ጨምርበት» ብሎ ዘጋው። ጨው ጨመርኩ። ከዚያም ንክሻውን በዓይኔ ለማየት መብራት አጥፍቼ፣ ባትሪ በእጄ ይዤ፣ ወንበር ስቤ ገንዳው ፊት እስከ እኩለ ሌሊት የተቀመጥኩባቸው ምሽቶች ነበሩ። ንክሻ የሚባል ነገር አላየሁም። ጠብ ስጠብቅ ዓሣዬን እየጎዳው ያለው ራሱ ውሃው መሆኑ አልታየኝም።

በኅዳር አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት መብራት ጠፋና እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 17 ዲግሪ ያሳያል። ጎልድፊሾቹ ምንም እንዳልሆነ አፋቸውን መስታወቱ ላይ እያደረጉ ቁርሳቸውን ይጠይቃሉ። ቤታው ግን በማሞቂያው ዘንግ ላይ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። ሙቀት ይገኝበት ወደ ነበረው ቦታ ሄዶ፣ በቀዘቀዘው ብርጭቆ ላይ ተለጥፎ ነው ያደረው። ከጎልድፊሾቹ አንዱ የተበጣጠሰውን ጅራቱን እየለቀመ ነበር። በኩባያ ቀድቼ አወጣሁት፣ ለብቻው አድርጌ ውሃውን ቀስ በቀስ አሞቅሁለት፤ ትንሽ የተሻለው መስሎኝም ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ከዚያ በኋላ የውሃ መመርመሪያ አስመጥቼ ስለካ፣ ዜሮ መሆን የነበረበት አሞኒያ፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ሆኖ አገኘሁት። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በሦስት ቀን የሚደርስ ውሃ የለም። ቤታ የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ ያ «ለሁለቱም ይስማማል» የተባለው 22 ዲግሪ ለጎልድፊሽ ጣሪያው፣ ለቤታ ግን ከወለሉ በታች ነው።

ጎልድፊሾቹን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ገንዳውን ያለ ዓሣ ስድስት ሳምንት አሠራሁት። ለእኔ ከዚያ ወዲህ ጓደኛ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ጠባይ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ በአንድ ዓይነት ሙቀት አብረው መኖር የማይችሉ ዓሦች ምንም ያህል ሰላማዊ ቢሆኑ አብረው አይገቡም። በዚህ መለኪያ ያገኘሁት ራስቦራ ነው። እንደ ቤታው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው፣ ተመሳሳይ ሙቀት ይወዳል፣ እኔ የመረጥኩት ዓይነት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ቤታውን የሚያስቆጣ ረጅም ጅራትም የለውም። ብቻውን ወይም ጥንድ ሆኖ ሲኖር ስለሚፈራ ስምንት ገዛሁ። ለአራት ሳምንት ለብቻቸው አቆይቼ በሽታ አለመኖሩን ካየሁ በኋላ አስገባኋቸው፤ አዲሱን ቤታ በመጨረሻ ጨመርኩ። ቀድሞ የገባ ቤታ ገንዳውን ሁሉ የእኔ ነው ስለሚል ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። እኔ መጀመሪያ በተበሳሳ ሃይላንድ ውስጥ አድርጌ ሁለት ቀን እንዲተያዩ አደረግሁ፤ ክንፉን ዘርግቶ መዛቱን ሲተው ለቀቅሁት።

ብዙዎች ጉፒን ይመክራሉ፤ እኔ አልመክርም። ወንዱ ጉፒ ባለ ቀለምና ባለ ጅራት ስለሆነ ቤታው እንደ ባላንጣ ሊያየው ይችላል። ታይገር ባርብ የሚባለው ደግሞ ክንፍ ይነጫል፤ ጎራሚ የቤታ ዘመድ ነውና ይጋጫሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ከጎርጎራ ትንንሽ ቆሮሶ በጀሪካን ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ከዓሣዎ ጋር አይሆንም?» አለኝ። ልፋቱ አሳዘነኝ፤ ነገር ግን ቆሮሶ ሲያድግ ኪሎ የሚመዝን፣ ከሐይቅ ሲመጣም ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊገባ የሚችል ዓሣ ነው።

ቤታ የአየር ፓምፕ አያስፈልገውም የሚለውንም ምክር ጎንደር ላይ አትቀበሉ። ቤታ ላብሪንት በሚባል አካሉ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሚተነፍስ ለእርሱ እውነት ነው፤ ራስቦራ ግን የሚተነፍሰው በስንጥቡ ብቻ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማችን ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ገዛሁ፤ ኮሪዶራስ የሚባለውን ከገንዳው ወለል የማይርቅ ዓሣ ለመጨመር የነበረኝንም ሐሳብ 60 ሊትር አይበቃም ብዬ ተውኩት። በየቦታው 26 እና 27 ዲግሪ ሲባልም እኔ 25 ላይ አድርጌዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው የሚወርድበት ርቀት ያጥራልና። በአንድ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ፈንታ ሁለት ባለ 50 ዋት አድርጉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቆያል። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ማጣሪያውን ወዲያው አታስነሡ፤ ውስጡ የተበላሸው ውሃ ወደ ገንዳው ይገባል። ስፖንጁን መጀመሪያ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠቡት።

ባለፈው ጥር ከጥምቀት በኋላ እንደገና ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ሆነ። ገንዳውን በሦስት ጎኑ በጋቢ ጠቅልዬ፣ አየር እንዲገባ ላዩን ትቼ፣ ከሰል ላይ ያሞቅሁትን ውሃ በሃይላንድ እየሞላሁ በየሰዓቱ አንሳፈፍኩ። ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 23 ያነባል። ራስቦራዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው። ቤታው ከሃይላንዱ ጎን ተጠግቶ አድሮ ነበር፤ እጄን ወደ ምግቡ ዕቃ ስሰድድ ወደ መስታወቱ መጣ።