«ችግር አለው ወይ?»

ኮምቦልቻ ጋራዥ ተቀጥሬ ስሠራ የመጣች አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረች፤ ኤሲዋ አር-12 ለሚባለው የድሮ ማቀዝቀዣ ጋዝ የተሠራ። አር-12 እ.ኤ.አ. በ1987 የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የተነሳ ከገበያ ስለወጣ ወደ አዲሱ ጋዝ፣ ወደ አር-134ኤ፣ መቀየር ግድ ነው። ባለመኪናው ወደ ሚሌ የሚመላለሱ አባት ናቸው። ባቲን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ያለ ኤሲ መንዳት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕሬሰር አውርጄ አሮጌውን ዘይት ልገለብጥ ስል አለቃዬ መጣ።

«ዘይት አለው አይደል? ለምን ታወርደዋለህ?»

«ሚኒራል ነው። ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም።»

«ዘይት ዘይት ነው! ጋዙን ሙላና ልቀቃቸው።»

አባት አጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። አለቃዬን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ችግር አለው ወይ?»

የጠየቁት እኔን ነው። መልሱንም አውቀዋለሁ። አለቃዬን አየሁት፤ አፍጥጦብኛል። «አብሽሩ ጋሼ፣ ምንም አይል» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይቺ ቃል ናት።

አሮጌውን ዘይት እንዳለ ትቼ፣ 45 ደቂቃ ቫክዩም አድርጌ (በውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ መጥጬ) ጋዙን ሞላሁት። ኤሲው በረዶ የመሰለ አየር ሰጠ፤ አባት መርቀውኝ ሄዱ።

በ3ኛው ሳምንት ተመለሱ። ኮምፕሬሰሩ ነክሷል (አልዞር ብሏል)፣ ቺንጋውም ተቃጥሏል። ስፈታው ውስጡ ደርቋል። ሚኒራል ዘይት በአር-134ኤ ውስጥ ስለማይሟሟ ከጋዙ ጋር ወጥቶ ኢቫፖሬተርና ኮንደንሰር (ጋዙ የሚያልፍባቸው ራዲያተር መሰል ክፍሎች) ውስጥ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይፈጫል። የኮንደንሰሩን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው እንደ ኩል የጠቆረ ዝቃጭ ወጣ፤ ብርሃን ላይ ስይዘው የአሉሚኒየም ብናኝ ያብለጨልጫል። ስለዚህ ኮንደንሰሩም፣ ጋዙን የሚመጥነው ኤክስፓንሽን ቫልቭም አብረው ተበላሹ።

አለቃዬ «ድሮም አሮጌ ነበር» ብሎ ሙሉውን አስከፈላቸው። አባት አልተከራከሩም። ሲወጡ ብቻ እኔን አይተው «አብሽሩ ብለኸኝ ነበር እኮ» አሉኝ። የምለው አጣሁ።

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። አር-12 የነበረ መኪና ሲመጣ አሮጌውን ዘይት ገልብጬ፣ መስመሩን አጥቤ፣ ከአዲሱ ጋዝ ጋር የሚዋሃደውን ኤስተር ዘይት እጨምራለሁ፤ ፓግ የሚባለው ሌላው ዘይት ከአር-12 ከቀረው ክሎሪን ጋር አይስማማም። እርጥበት የሚመጠውን ድራየርና የመገጣጠሚያ ጎማዎቹን (ኦሪንጎቹን) እቀይራለሁ፤ ጋዙንም ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ እሞላለሁ። ይህን የማይከፍል ባለመኪና ከመጣ አልነካለትም።

አባትን መንገድ ላይ አያቸዋለሁ፤ ሰላምታ አይነፍጉኝም። ኤሲ ለማሠራት ግን ሐረጎን ወጥተው ደሴ ነው የሚሄዱት።