የግብጦ አረቄ ፍለጋ ዳንግላ ድረስ

ከባሕር ዳር ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ በየመንደሩ "አንድ ሰው! የሞላ!" እያለ ባያስቆመው ኖሮ ጠዋት የተነሳ ሚኒባስ ረፋዱ ላይ ያደርሳል። ይህን የምለው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ስለሄድኩበት ነው፤ ዛሬ ለመነሳት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ሰው ቢጠይቅ ይሻለዋል። ወሩ ኅዳር ነበር። መራዊ አካባቢ ግራና ቀኙ ሊታጨድ የደረሰ ዳጉሳ ነው። ግልገል አባይን ተሻግረን ዱርቤቴን ካለፍን በኋላ ግን አፈሩ እየቀላ፣ በየማሳው ጥግ አጥር የሌለው ግብጦ መታየት ጀመረ።

የሄድኩት ለሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አረቄ ከተባለ ሰው ሁሉ የሚያነሳው የደብረ ብርሃኑን ነው። አንድ የዳንግላ ልጅ የሆነ ባልደረባዬ ግን "የግብጦ ሳትቀምስ አረቄ አውቃለሁ አትበል" እያለ ሲያደርቀኝ ከረመና በመጨረሻ የአክስቱን ቤት ጠቆመኝ።

ግብጦን ለማያውቅ፦ ጠፍጣፋና ነጣ ያለ ፍሬ የሚሰጥ ጥራጥሬ ነው። ከመራራነቱ የተነሳ ከብት ስለማይነካው እረኛ አያስፈልገውም። ሌላው እህል እምቢ በሚልበት በደከመና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደም መሬቱን መልሶ ያበረታል። ጎጃም ውስጥ አሲዳማ አፈር የስንቱን ገበሬ ምርት እንደሚያሳንስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ችግሩ ምሬቱ ነው። ምሬቱ የሚመጣው ከአልካሎይድ ሲሆን፣ በደንብ ሳይታጠብ የተበላ ግብጦ ሰው ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ ይቆላል፣ ከዚያም ለብዙ ቀናት ውሃ ውስጥ ይከርማል።

ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ወንዝ ዳር ሲከርም አየሁት። ጆንያዎቹ አፋቸው በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ከግራር ሥር ተቋጥሮ፣ በላያቸው ድንጋይ ተጭኖ ውሃው መሐል ተኝተዋል። ጠባቂ የለም። አንዲት ልጅ መጥታ ጆንያዋን ከፈተች፣ አንድ ፍሬ አውጥታ በጥርሷ ሰበረች፣ ፊቷን አጨማደደችና እንደገና አሰረችው። "ገና ነው?" አልኳት። "ገና ነው፣ ይመራል" ብላ ሄደች።

የአክስቲቱ ቤት ደጃፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ተተክሏል። ጠላ አለ ማለት ነው።

"ግባ ወንድምዓለም፣ ግባ። ከወዴት ነው?"

"ከባሕር ዳር ነው እትየ። የወንድምዎ ልጅ ነው የላከኝ።"

"ውይ! ያ ዘመድ የማይጠይቅ! ደኅና ነው?"

ደኅና መሆኑን፣ አለማግባቱን፣ መወፈሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አረቄ ፈልጌ እንደመጣሁ ስናገር ግን እጃቸውን አወናጨፉ። "በባዶ ሆድ አረቄ? እኔ ቤት አይሆንም። መጀመሪያ ጠላ ነው፤ እህል ቅመስ።" እንጀራ በሽሮ ቀረበ፤ ከጎኑ ታጥቦ የተላጠ ግብጦ በጨውና በተከተፈ ቃሪያ ተለውሶ መጣ። ከዚያ ጠላው። እትየ ከማሰሮው ጥቂት መዳፋቸው ላይ አንቆርቁረው ፊቴ ጠጡና የኔን ጣሳ ሞሉት። ሠላምታ የማይሰጥ የከተማ ሰው እንኳ ቢሆን ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እኔም ብድግ አልኩ።

ይህ ጠላ በዳጉሳ የተጠመቀ ነው። ሸዋ ውስጥ የለመድኩት የገብሱ ነበር፤ የዳጉሳው ጠቆር ብሎ ወደ ቀይ ያደላል። ዳጉሳ ዓመታት ቢከርም ነቀዝ አይደፍረውም፣ ስለዚህ እዚህ አገር ጎተራ ውስጥ አይጠፋም። እትየ ሁለት ዓይነት አላቸው፤ አንዱ ለማንም የሚቀዳው ነው፣ ሌላው ውሃ ያልበዛበትና በጨርቅ የተጠለለው "ፊልተር" ነው። የቀዱልኝ ፊልተሩን ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የጭሱ ጠረን ነው፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራና በጥንጅት ታጥኗል። ቀጥሎ ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት፣ በመጨረሻ ምላስ ሥር የሚቀር የጌሾ ምሬት። የፋብሪካ ቢራ 5 ከመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 ቢሆን ነው። ፊልተር ግን ከቢራ እኩል ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ይህኛው የሚበልጠው መሆኑን ሁለተኛው ጣሳ ላይ ጉልበቴ ነገረኝ።

"ዳጉሳውን እንዴት አድርገው ነው?" አልኳቸው።

"ጌሾው ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅሉ ይገባል። ዳጉሳው ተፈጭቶ ምጣድ ላይ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮውን አለማሳረር ነው ዋናው። ካረረ ጠላህ ከሰል ከሰል ይላል፣ ሰውም 'የማናት?' ብሎ ይጠይቃል።"

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። በኋላ እንደሰማሁት ነገሩ አንዲት ጎረቤትን ለመንካት የተነገረ ነበር።

አረቄው የሚወጣው ጓሮ ነው። ምድጃ ላይ የተጣደው እንስራ አፉ ተከድኖ፣ ክዳኑ ላይ በተበሳው ቀዳዳ የቀርከሃ ቱቦ ገብቶበታል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ከተቀመጠ የብረት ዕቃ ጋር ይገናኛል። እንፋሎት እንዳያመልጥ መጋጠሚያው ሁሉ በጭቃና በእበት ተመርጓል። የእትየ ልጅ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንጨቱን አንዴ ወደ ውስጥ ትገፋለች፣ አንዴ ወደ ውጭ ትስባለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ሥር ይይዛል፤ አረር አረር የሚል አረቄ ደግሞ ማንም አይገዛም። ገንዳው ለብ ሲል ውሃው ይለወጣል። አንዴ የወጣው ተራ ነው፤ እሱው ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይባላል፣ 45 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። እዚህ ቤት ግብጦው ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ከዳጉሳው ጋር ድፍድፉ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የጌሾን ምሬት ፈልገው ያስገባሉ፤ የግብጦን ምሬት ደግሞ ስንት ቀን ወንዝ ላይ ሲያስወጡ ከርመው፣ ሁለቱን አንድ ጋን ውስጥ ያገናኟቸዋል።

እትየ ከመለኪያው ጥቂት ፍም ላይ ደፉ። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። "አየህ? ውሃ የለበትም" ብለው ቀዱልኝ።

የግብጦ አረቄ ሲያሸቱት ከአልኮሉ ቀድሞ አዲስ የተቆላ ባቄላ ይሸታል። አፍ ውስጥ ሲገባ አይቆርጥም፤ ይከብዳል። ጉሮሮ ላይ የምጠብቀው ማቃጠል ደረት ላይ ደርሶ ነው የመጣው። ምሬት ግን ፈልጌ አጣሁ።

ሽማግሌው "ግብጦ ነው ጉልበት የሚሰጠው" አሉ። እትየም እንዲሁ ያምናሉ። እኔ ግን አፌ አላርፍ አለ። ግብጦ ፕሮቲን የበዛበት፣ ስታርቹ ግን ጥቂት የሆነ ፍሬ ነው፤ እርሾው ወደ አልኮል የሚለውጠው ስኳር የሚገኘው ከብቅሉና ከዳጉሳው ነው፤ ስለዚህ ስካሩ የዳጉሳው፣ ጠረኑ የግብጦው ይሆናል አልኩ። እትየ ሳይናደዱ ሰሙኝ። ተነስተው ሌላ ጠርሙስ አመጡ። "ይኸ ያለ ግብጦ ያወጣሁት ዳግም ነው። እስቲ ቅመስና ንገረኝ።"

ቀመስኩ። ያለ ግብጦ የወጣው ልክ እንደ ምላጭ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። ደጋግሜ አንዱን ከሌላው እያፈራረቅሁ ቀመስኩ። ስለ አልኮሉ ያልኩትን አሁንም አምናለሁ፤ ግን ከሁለቱ የትኛው ሰው ላይ እንደሚበረታ ቢጠይቁኝ ያለማመንታት የግብጦውን እላለሁ፤ ስለማይቧጥጥ ሰው ሳያስበው ይደግመዋል። ሽማግሌው ደግሞ ለደም ግፊት ፍቱን ነው አሉኝ። ይህን በአካባቢው ብዙ ሰው ሲል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ግፊት ላለበት ዘመዴ አረቄ አልልክም።

ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ የወንዙ ድካም ሲታሰብ አይበዛበትም። እትየ በሃይላንድ ሞልተው፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ አሸተተና "ግብጦ ነው?" አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ከእግሬ ሥር አንስቶ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አስቀመጠልኝ።

ባሕር ዳር ለአንድ ውስኪ ወዳድ ጓደኛዬ ቀዳሁለት። አምቦ ውሃ ጨመረበት። ያ የተቆላ ባቄላ ጠረን ወዲያው ጠፋና የቀረው አልኮል ብቻ ሆነ፤ እሱም "ምኑ ነው እንግዲህ ከሌላው የሚለየው?" አለኝ። ሁለተኛውን ያለ አምቦ፣ ከጎኑ ታጥቦ ጨው የነካ ግብጦ አድርጌ ሰጠሁት። አንድ ፍሬ ቆርጥሞ፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ሃይላንዱን ወደ ራሱ ሳበና ስንት እንደቀረው ወደ መብራቱ አንስቶ አየ።