ደጋ ደጋ ሲለኝ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደጋ ደጋ ብሎኛል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላባራም። የያዝኩትን ሥራ ትቼ የመንዙን ባና ከቁም ሳጥን አወጣሁና ተከናነብኩት። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፤ ስንቴ ታጥቦም የበግ ጠረኑ አልለቀቀውም።

ስለ ደገኛ ሲወራ «የዋህ ሕዝብ» ይባላል። የትኛው የዋህ? አያቴ ደጅ መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ እግሩን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ጠላ ቀምሶ ሳይጨርስ ከየት መጣህ አይባልም ነበር። እኒሁ ሰው ታዲያ ከገዛ ወንድማቸው ጋር በአንድ ትልም መሬት ሲሟገቱ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። የቀጠሮ ዕለት ሌሊት ተነስተው ቆሏቸውን ቋጥረው ሲወጡ ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር።

ጓሳም እንዲሁ ነው። የመንዝ ሰው ያን ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሣር ምድር 400 ዓመት ገደማ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቆት ኖሯል። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሲፈቀድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ዛሬ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ሊያይ የሚሄድ ጎብኚ «እንዴት ተፈጥሮን የሚወድ ሕዝብ ነው!» እያለ ይመለሳል። የመንዟ ዘመዴ እትዬ ግን ፍቅር የሚባል ነገር አያነሱም። በተዘጋ ጊዜ አጭዶ ቤቱን የከደነ ሰው ክዳኑ ይቃጠልበት እንደነበር ነው የሚያወሩት፤ ሲያወሩም አያዝኑለትም። «ሌላው ታዲያ ምን ይክደን?» ይላሉ። ሥርዓቱ ከርስት ጋር የታሰረ ስለነበር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ አብሮ ፈረሰ። ዛሬም ጥበቃ አለ፤ በአዲስ ደንብ ነው።

ደግነታቸውም ጭካኔያቸውም ከአንድ ቦታ የሚመጣ ይመስለኛል፦ ከውርጩ። እዚያ ብርድ ላይ ደጅ ያደረ መንገደኛ ላይነጋለት ይችላል፤ ክዳን ያጣ ቤተሰብም እንዲሁ። ስለዚህ በሩም ይከፈታል፣ ቅጣቱም ይከብዳል።

እኔስ? በሬ በምሽት ሲንኳኳ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ በቀዳዳ የምመለከት የኮንዶሚኒየም ሰው ነኝ። የጎረቤቴ የጫማ መደርደሪያ ግን ስንት ስንዝር ወደ እኔ በር እንደገባ ለክቻለሁ። ለኮሚቴው የምሰጠው ማመልከቻ ከነአባሪው ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። አያቴ ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ይሆን?