የምነዳበት መንገድ ሥር ሰፈር ነበር

ስለምኖርባት የአሜሪካ ስቴት ስለ ሚኒሶታ ታሪክ በአማርኛ የምጽፈውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያነበበልኝ፣ በዋና ከተማዋ በሴንት ፖል መሀል አንድ ፓርኪንግ ራምፕ (የመኪና ማቆሚያ ፎቅ) ውስጥ አብሮኝ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ገጽ ሄደና ወረቀቱን መለሰልኝ። «ይሄ እኮ የሹመት ዝርዝር ነው የሚመስለው» አለ። ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነበር። ሚኒሶታ በ1849 ቴሪቶሪ (ገና ስቴት ያልሆነ ግዛት) ተባለች፣ በ1858 32ኛዋ ስቴት ሆነች፣ የመጀመሪያው ገዥ እገሌ፣ ከእሱ ቀጥሎ እገሌ እያልኩ አሥራ አምስት ገጽ ሞልቼ ነበር። እኔ ራሴ ስጽፈው እያንቀላፋሁ ነው፤ አንባቢው ምን ዕዳ አለበት?

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን አስቀድሜ እንደተናገርኩ ኋላ ይገባችኋል። አንዴ ጉድ ሠርቶኛል።)

ነገሩን የጀመርኩት ከኀፍረት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ የማስተምራት አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ቤት ውስጥ የሚወራው የኢትዮጵያ ታሪክ ብቻ ነው፣ እኔ የተወለድኩበትን ግን ማንም አያውቅም» አለችኝ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ ስለ ሚኒሶታ የማውቀው ብርዱን ነው። ለወላጆች የሚሆን አጭር የስቴቱ ታሪክ በአማርኛ አዘጋጃለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስድስት ወር ይፈጃል ብዬ ነበር። ይኸው አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው በ1849 ነው። ስቴቱ ሳይወለድ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ! ያኔ ሴንት ፖል ገና መንደር ናት። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ በአንድ አረቄ ነጋዴ ቅጽል ስም «የአሳማ ዓይን» ነበር የምትባለው። አባ ሉስየን ጋልቲዬ በ1841 የቅዱስ ጳውሎስን ጸሎት ቤት ባያሠሩ ኖሮ ዛሬም አድራሻችን እሱ በሆነ ነበር። እና እነዚህ ሰዎች ገና ሳይደላደሉ ታሪክ እንሰብስብ አሉ። ምን ታሪክ አላቸው ብዬ ሳቅኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ታሪክማ ነበረ፣ የእነሱ አልነበረም እንጂ።

የማኅበሩ ንባብ ክፍል እዚሁ ሴንት ፖል፣ ሂስትሪ ሴንተር ውስጥ ነው። ቦርሳህን ቆልፈህ ትገባለህ፣ ብዕር ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። የመጀመሪያ ቀን የሄድኩ ጊዜ የክፍሉ ሠራተኛ ምን ልርዳህ ስትለኝ «የሚኒሶታን ታሪክ ፈልጌ» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «የቱን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ያችን ጥያቄ በቅጡ ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ዝም ብዬ አገላብጥ ጀመር። በዚህ መሀል ያገኘሁት የሕገ መንግሥቱ ጉዳይ ከሹመት ዝርዝሩ ትንሽ አወጣኝ። በ1857 ሪፐብሊካኖቹና ዴሞክራቶቹ ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ተመርጠው መጡና አብረን አንቀመጥም አሉ። በየፊናቸው ተሰብስበው በየፊናቸው አረቀቁ። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ኮሚቴ አንድ ጽሑፍ ላይ ቢያስማማቸውም፣ ሌላው ወገን በፈረመበት ወረቀት ላይ አንፈርምም ብለው ሁለት ቅጂ ተገለበጠ። እያንዳንዱ የራሱን ፈረመ። መገልበጡ በጥድፊያ ስለነበር በሁለቱ መካከል በሥርዓተ ነጥብ፣ በሰዋስውና በቃላት ከ300 በላይ ልዩነት አለ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «በቃ የእኛ ዕድር ስብሰባ ነው» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ይህ መጽሐፍ አንባቢ ሊኖረው ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ግን መንገዴን ያገኘሁት ራምፕ ውስጥ ነው።

ማታ ማታ ወደ ሥራ የምሄደው አይ 94 በሚባለው አውራ ጎዳና ነው። ከስኔሊንግ ጎዳና ገብቼ መሀል ከተማ እስክደርስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ጋ መንገዱ ከግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች ዝቅ ብሎ በጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ መንገድ ነው፣ ይነዳበታል። አንድ ሌሊት ሥራ ቀዝቅዞ በስልኬ የድሮ ጋዜጣ ሳነብ ሮንዶ የሚባል ጎዳና ስም ደጋግሞ መጣብኝ። ሐኪም ሮንዶ ላይ፣ ፀጉር አስተካካይ ሮንዶ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሮንዶ አጠገብ። ጂፒኤሱ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ሃያ ዓመት ታክሲም ኡበርም የነዳሁበት ከተማ ውስጥ የማላውቀው ትልቅ ጎዳና እንዴት ይኖራል?

ለካ በየቀኑ የምነዳው በላዩ ላይ ነው።

ሮንዶ የሴንት ፖል ጥቁር አሜሪካውያን አብዛኞቹ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። አውራ ጎዳናው ሲታሰብ የከተማዋ ፕላን ባለሙያ ጆርጅ ሄሮልድ ወደ ሰሜን ገፋ ብሎ በባቡር ሐዲዱ ጎን ይሂድ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልሰሙትም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማፍረስ ተጀመረ፣ መንገዱ በ1968 ተከፈተ። ከ600 በላይ ቤተሰብ ቤቱን አጣ። ከጎዳናው የተረፈችው ክፍል ዛሬ ኮንኮርዲያ አቬኑ ትባላለች፣ ስሙ እንኳን አልቀረም። የሰፈሩ ልጆች ግን ከ1983 ጀምሮ ሮንዶ ዴይስ ብለው በዓል ያከብራሉ። የከተማዋ ከንቲባ ይቅርታ የጠየቀው በ2015 ነው። እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ምግብ ቤታችንን፣ ሱቃችንን፣ ፀጉር ቤታችንን የከፈትነው እዚሁ አካባቢ፣ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይሄ ነው።

አሥራ አምስቱን ገጽ ጣልኩት። ከገዥዎቹ ሳይሆን ከዚህ መንገድ ጀመርኩ።

አንድን ጎዳና ለመከተል ምን ያስፈልጋል ለምትሉኝ፣ እኔን የጠቀመኝ ይሄ ነው። ከሁሉ በላይ ጋዜጣ። የታሪክ ማኅበሩ ገና ከጥንስሱ ጋዜጣ ሲሰበስብ ኖሯል፣ ብዙው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። በተለይ የጥቁሮቹ ጋዜጦች፤ ከ1885 ጀምሮ የወጣው አፒል እና ሴሲል ኒውማን በ1934 ያቋቋመው ሴንት ፖል ሪኮርደር። አርእስተ ዜናውን እለፉት። ማስታወቂያውንና «እገሊት ከቺካጎ እህቷ መጥታ ሰነበተች» የሚለውን ጥቃቅን ወሬ ነው ማንበብ። ሰፈር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስትፈልጉ ደግሞ በሰው ስም ብቻ አትፈልጉ። የደበዘዘ ቀለም ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል፣ ስሙን አበለሻሽቶ ያነበዋል። በቤት ቁጥርና በመንገድ ስም ስሞክር ነው በስም ያጣኋቸውን ሰዎች ያገኘሁት።

ቀጥሎ የሳንቦርን ካርታ። ይህ ለእሳት መድን ተብሎ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከነቅርጹ ተስሎ፣ ጡቡ ሮዝ፣ እንጨቱ ቢጫ ተቀብቷል። የሮንዶን ገጽ አውጥቼ ከስልኬ ካርታ ጎን አስቀመጥኩት። ዛሬ ስምንት መኪና ጎን ለጎን የሚያልፍበት ላይ ትናንሽ ቢጫ ቤቶች በረንዳቸው ሳይቀር ተደርድረዋል። አንዱ ቤት ኋላው ላይ ትንሽ ጎጆ አለችው፣ የዕቃ ቤት መሰለችኝ። እሷን ካየሁ በኋላ ያን መንገድ እንደ ድሮው መንዳት አልቻልኩም፤ በተለይ ትራፊክ ሲዘጋጋ፣ አሁን የማን ጓሮ ላይ ቆሜ ይሆን እላለሁ።

የሕዝብ ቆጠራም አለ። የፌዴራሉ ከ72 ዓመት በኋላ ነው የሚከፈተው፣ የ1950ው በ2022 ተለቋል። የ1890ው ዋሽንግተን በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ደግነቱ ሚኒሶታ በ1885ና በ1895 የራሷን ቆጠራ አድርጋለች፣ ክፍተቱን በዚያ ትሞሉታላችሁ።

አሁን ወደ ስህተቶቼ።

የአገሬውን ነባር ሕዝቦች መጀመሪያ «ሕንዶች» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ በልጅነቴ እንደተማርኩት። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ አባት «ሕንዶች በዚያ ዘመን እዚህ ድረስ መጥተው ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የቦምቤዎቹን ነው ያሰቡት። ከዚያ ወዲህ በስማቸው ነው የምጽፈው፣ ዳኮታ ከሆኑ ዳኮታ፣ ኦጂብዌ ከሆኑ ኦጂብዌ። ደግሞ በስማቸው ስትጽፍ ነገሩ ይለወጣል። «የ1862 የሕንዶች አመፅ» ማለትና «በ1851 ውል የተገባላቸው ገንዘብ ዘግይቶ የተራቡት ዳኮታዎች በ1862 ተነሡ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ማንካቶ ላይ 38ቱ በአንድ ቀን ተሰቀሉ» ማለት አንድ አይደለም። የመሪያቸው የታኦያቴዱታ አጽም ደግሞ በዚያው በታሪክ ማኅበሩ እጅ ነበር የቆየው፤ ለቤተሰቡ ተመልሶ የተቀበረው በ1971 ነው። ይህን ያነበብኩት የማኅበሩን ሣጥን ፊቴ አስቀምጬ፣ እርሳሴን ይዤ ነው። ለትንሽ ጊዜ መጻፍ አቃተኝ። የሚሰበስበውም ታሪክ አለው፣ እሱም መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ስህተት የቀን ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እኛም እንግባ ብዬ ቀድመው የመጡትን ኢትዮጵያውያን በስልኬ እየቀዳሁ ነበር። አንድ ጋሼ «በ74 ነው የመጣሁት፣ በሱዳን በኩል፣ ስደተኛ ሆኜ» አሉኝ። እኔ ሆዬ 1974 ብዬ ጻፍኩ። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ካርቱም፣ ሚኒሶታ፣ ወዲያው! ለካ በእኛ 74 ነው፣ በፈረንጅ 1981 ወይም 82። ስንት ምዕራፍ በዚያ ላይ ገንብቼ ነበር። አሁን ስጠይቅ «በኛ ነው በነሱ?» ሳልል አላልፍም፤ ወሩንም እጠይቃለሁ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ አንድ ዓመት ይዛነፋልና። ልደትማ አይነሳ፤ በወረቀት ሁላችንም ጃንዋሪ 1 ነው የተወለድነው። ስሙም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሰው በአንዱ ወረቀት ላይ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ይገባል፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም በየቢሮው ይለያያል። የሚመጣ ተመራማሪ እንዳይጠፋበት የአንዱን ሰው አጻጻፎች በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሬ ከቃለ መጠይቁ ጋር አያይዣለሁ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ደግሞ ድምፃቸው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ነግሬ አስፈርማለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህን ሳላደርግ ሦስት ሰው ቀድቼ፣ አንዷ እናት ኋላ «ስለ ባሌ ያልኩትን አውጣው» ስላሉኝ ግማሹን ቆርጫለሁ። መብታቸው ነው።

ሦስተኛውን ለማውራት አሁንም ያመኛል። ሰዎች ያመኑኝን ፎቶ፣ ካሴት፣ የድሮ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ቤዝመንት ውስጥ በካርቶን አስቀምጬ ነበር። መሬት ላይ። በረዶው የቀለጠ ሰሞን ውሃ ገባ። ጠዋት ከሥራ ስገባ ካርቶኑ ሥሩ ረጥቦ አየሁት፣ ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ልላቅቃቸው ስል የአንዲት ሙሽራ ግማሽ ፊት ከሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። እዚያው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ደወልኩና ጠየቅኩ። እርጥብ ፎቶ በደረቁ አይላቀቅም። ቶሎ ማድረቅ ካልቻልክ ፕላስቲክ ውስጥ ከተህ ፍሪዘር ታስገባዋለህ፣ ቀለሙ ከመበላሸት ይቆማል፣ ጊዜ ታገኛለህ። እና ፍሪዘራችንን ከፈትኩ። እንጀራ! የሁለት ሳምንት እንጀራ። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ተነሥታ ስትመጣ እንጀራው ጠረጴዛ ላይ፣ የሰው ሠርግ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ምንም አላለችኝም። ለጎረቤት ደውላ እንጀራውን አከፋፈለች። ፎቶዎቹን በኋላ ጥቂት ጥቂቱን እያወጣን፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እየዘፈዘፍን፣ በቀስታ እያላቀቅን፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገን አደረቅናቸው። ብዙዎቹ ተርፈዋል።

አሁን ቤዝመንት ውስጥ ምንም የለም። ስካን ያደረግኩት ሦስት ቦታ ነው ያለው፣ አንዱ ከስቴቱ ውጭ እህቴ ጋ። ዋናዎቹ አሲድ በሌለው ፎልደር ተደርድረው፣ የሰዎቹ ስም ከኋላ በእርሳስ በስሱ ተጽፎ፣ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ናቸው። ባለቤቶቹ እሺ ያሉኝን መዝገብ ቤት ላስረክብ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው።

መጽሐፉ ሰባት ምዕራፍ ላይ ነው። ጓደኛዬ ሮንዶን አንብቦ ሳያቋርጥ ጨረሰ፣ ከዚያ መንገድ ለመቀየር ሞክሮ በዩኒቨርሲቲ በኩል ሲሄድ ሃያ ደቂቃ አረፈደብኝ።

ከፍሪዘሩ ከተረፉት አንዷን እስካሁን ማን እንደሆነች አላወቅኩም። ነጠላ ለብሳ በረዶ ላይ ቆማለች፣ እግሯ በክፍት ጫማ ነው፣ ከኋላዋ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ከጀርባው «ለእማዬ፣ ደህና ነኝ» ተብሎ ተጽፏል። ሳይላክ የቀረ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለእናቶቹ አሳየኋቸው። አንዷ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆይተው «ጫማዋን አውቀዋለሁ» አሉ።